ባዶ የማይመለስ ሳህን

ሳህኑ ከነክዳኑ አራት መቶ ግራም ይመዝናል። እታፈራሁ ይህን በደንብ ታውቃለች፤ ሥራዋ መመዘን ስለሆነ ቤቷ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን ሚዛን ላይ ሳይወጣ አልቀረም። የዚያን ቀን ከጀልባዎቹ የተመለሰው ቅርጫት ግን ስምንት መቶ ግራም ጨምሮ ነበር። ቀሪው አራት መቶ ግራም ከየት መጣ ብላ የጠየቀችው ቤቷ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ስትፈትግ ነው። ያን ጊዜ ከወጥ ቤቱ በኩል አንድ ነገር ሲቆረጠም ሰማች።

«ሶልያና! ምንድን ነው የምትበዪው?»

«ያመጣሽውን ነዋ! ዳቦ ቆሎ ከበላሁ ስንት ዘመኔ።»

እታፈራሁ እጇን ሳታደርቅ ሮጠች። ልጇ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ከብረት ሳህኑ እየዘገነች ትበላለች። ሳህኑ ውስጥ በንጹሕ ናፕኪን የተጠቀለለ ዳቦ ቆሎ አለ፤ እኩል እኩል የተቆራረጠ፣ ወርቅ የመሰለ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈበት።

«ትፊው!»

«ምን?»

«ትፊው አልኩሽ! ከጀልባ ነው የመጣው!»

ሶልያና መዳፏ ላይ ተፋችው። የተፋችው ግን የመጨረሻውን ጉርሻ ብቻ ነበር።

ሳቪክ ወደብ ከምድር ሰሜን ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብላ ያለች ከተማ ናት። ድሮ ባሕሩ በረዶ ነበር ይባላል። በረዶው ሲሄድ መርከብ መጣ፣ ከመርከቡ በኋላ የዓሣ ማቀዝቀዣው ፋብሪካ ተተከለ፣ ለፋብሪካው ደግሞ ሠራተኛ ጠፋና ከየአገሩ ሰው ተፈለገ። እታፈራሁ ከባሏ ከሙላት ጋር የመጣችው ያኔ ነው። ከሁሉም በኋላ የመጡት የመዝናኛ ጀልባዎቹ ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜኑ ውኃ በአንዱ በኩል ገብተው በሌላው ይወጣሉ፤ ተሳፋሪዎቹ ዓሣ ነባሪ ያያሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከከተማው ሹራብ ገዝተው ይሄዳሉ።

ሦስተኛው የትኩሳት ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ክልከላው ወጣ። በሰሜን ውኃ ላይ ለመዝናናት መጓዝ አይቻልም ተባለ። ዓሣ አጥማጅ ያልፋል፣ አዳኝ ያልፋል፣ ጭነት መርከብ ያልፋል። ለመዝናናት የመጣ ግን ባለበት ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ወደብም ከፊቱ ያለውም አይቀበለውም። ትእዛዙ በተነበበበት ጠዋት ባሕረ ሰላጤው ውስጥ የነበሩት አርባ አንድ ጀልባዎች መልሕቃቸውን ጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ቢጫ ባንዲራ ሰቀሉ። አንድ ቢጫ ማለት «እንጠብቃለን» ነው። ሁለት ቢጫ ማለት «ትኩሳት ገብቶብናል» ነው። ይኸው ሰባ አራተኛ ቀናቸውን ይዘዋል።

የእታፈራሁ ሥራ ለእነዚህ ጀልባዎች ስንቅ መዝኖ መላክ ነው። ክሬን ነጂው ይልቃል ቅርጫቱን ሰው አልባ ታንኳ ላይ ያወርዳል፤ ታንኳው ሄዶ ያደርስና ባዶውን ቅርጫት ይዞ ይመለሳል። ከመሬት ወደ ጀልባ ሁሉም ነገር ይሄዳል፤ ከጀልባ ወደ መሬት ከባዶ ቅርጫት በቀር ምንም አይመጣም። ቅርጫቱ ከነሸራው ይመዘናል፣ ከዚያ በእንፋሎት ይቀቀላል። ክብደቱ ከሄደበት ከበለጠ ሚዛኑ ምክንያት ይጠይቃል፤ መልሶቹ ሦስት ናቸው፦ እርጥበት፣ ጨው፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለውን የነካ ሰው ጤና ቢሮ እስኪመጣ ወደቡ ሁለት ሰዓት ይቆማል። ስለዚህ ሁሉም ሰው «እርጥበት» ይነካል። እታፈራሁም ያን ቀን የነካችው እርጥበትን ነው።

ሸራውን ገልጣ የገዛ ሳህኗን አየች። እንፋሎቱ አልፎበታል፣ እዚያ ብትተወው ደግሞ አለቃዋ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። በወፍራሙ ጓንቷ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የጨመረው ክብደት የሳህኑ ነው ብላ ሐሳቧን ዘጋች። ክዳኑ ግጥም ያለ መሆኑን፣ እንፋሎት ከውጭ እንጂ ከውስጥ እንደማይነካው አላሰበችም።

እታፈራሁ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያመልጣት ሰው አልነበረችም። አልጋዋ ሥር የሁለት ወር ዱቄት አለ። በየማታው በሩን ቆልፋ ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች፤ አንዴ ስትቆልፍ፣ አንዴ ስትተኛ፣ አንዴ ከተኛችበት ተነሥታ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ትላለች፤ ልጇ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ወደ ላይ ታዞራለች። ያን ቀን ግን ስትጠረጥር የዋለችው ሌላ ሌላውን ነው። በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሶልያና በመርከብ ወደ ደቡብ ትሄዳለች፤ ነርስነት ልትማር። ሁለት ዓመት አመልክታ ተከልክላ በሦስተኛው የተገኘ ዕድል ነው። ከዚህ መርከብ በኋላ እስከ ግንቦት ሌላ የለም፤ ትምህርት ቤቱም ለቀረ ሰው ቦታ አያቆይም። እታፈራሁ መርከቡ ቢቀርስ፣ ስሟ በጉዞ ካርዱ ላይ ተሳስቶ ቢሆንስ፣ ብርድ ቢመታትስ እያለች ስታሰላስል ዋለች። ክፉውን ከሳህን ውስጥ አልጠበቀችውም።

ሳህኑ የሄደው ለጋሽ መርዕድ ነበር። ጋሽ መርዕድ «ሴልማ» በምትባለው ጀልባ ላይ ወጥ ቤት ናቸው፤ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጀልባዋ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ናት። ክልከላው ሲወጣ የተሞላው ቅጽ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፦ ሥራ ወይም መዝናናት። የሚሞላውም በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። «ሴልማ» የመዝናኛ ጀልባ ስለሆነች ጋሽ መርዕድም ለመዝናናት እንደመጡ ተመዘገቡ።

«ሰባ ቀን ሙሉ ድስት እያጠብኩ ተዝናናሁ» ይላሉ በሬዲዮ። «አንቺስ እቴ፣ ቅዳሜና እሁድ አትዝናኚም?»

ሁለቱ የተዋወቁት እንዲህ በሬዲዮ ነው። ፊታቸውን አይታ አታውቅም፤ ከሩቅ ነጭ ሽርጥ ለብሰው እጃቸውን ሲያወዛውዙ እንጂ። ፍልሰታ ሲገባ በቅርጫቱ የሚሄደው የቆርቆሮ ሥጋና የወተት ዱቄት ሆነና ሽማግሌው ውኃና ብስኩት ይዘው ቀሩ። እታፈራሁ ይህን ስትሰማ አላስቻላትም። በየቀኑ ሱፍ ፍትፍት በካርቶን ዕቃ አድርጋ ላከችላቸው። በአሥረኛው ቀን ዝናብ ካርቶኑን አራሰውና ምግቡ ቅርጫቱ ላይ ተበተነ። በአሥራ አንደኛው ቀን የብረት ሳህኗን አወጣች።

«ሳህኑን አይመልሱት ጋሼ። የእርስዎ ይሁን» አለቻቸው።

«እሺ» አሉ።

እሳቸው እሺ ካሉ ነገሩ አለቀ ብላ ነበር።

አሁን ሶልያና አፏን ሦስት ጊዜ ታጥባ ቆማለች። «አይዞሽ እማ። ሰባ ቀን ሙሉ አንድ ቢጫ ነው የሰቀሉት። ጤነኞች ናቸው» አለች።

እታፈራሁ ወደ መስኮቱ ሄደች። ቤታቸው ዳገት ላይ ስለሆነ ባሕረ ሰላጤው ሁሉ ይታያል። ነሐሴ ነውና ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎም ፀሐይ ቁልቁል አልወረደችም። ጀልባዎቹን በጣቷ ቆጠረቻቸው፤ ከግራ ዘጠነኛዋ «ሴልማ» ናት። ምሰሶዋ ላይ ሁለት ቢጫ ባንዲራ ይውለበለባል።

የፈሩት ይደርሳል። እታፈራሁ አልጮኸችም፤ መስኮቱ ሥር ያለው ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የሥራ ሬዲዮዋን አነሣች።

«ጋሽ መርዕድ?»

«ማን ነው? እታፈራሁ ነሽ?»

«ነኝ። ሁለት ሰቅላችኋል።»

«ሰቀልን፣ ምን እናደርጋለን። የባለቤቶቹ ልጅ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ስንለካት እሳት ሆናለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ጉሮሮዬን ትንሽ ከመከርከሩ በቀር።» አሉ። «ዳቦ ቆሎው ደረሰሽ?»

«ጋሼ፣ ሳህኑን አይመልሱት ብዬዎት አልነበር?»

«ብለሽኛል።»

«እሺ ብለውኝ!»

«ታዲያ ሽማግሌ ሰው በሬዲዮ ከሴት ጋር ልከራከር? የሰውን ሳህን ባሕር ውስጥ ልጥል ኖሯል እንዴ? እናቴ ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሣ ነበር።»

«ከመለሱትስ ባዶውን ቢመልሱት ምን ነበረበት!»

ሬዲዮው ሽሽ አለ። «ባዶ ሳህን?» አሉ ሽማግሌው፣ እንደተሰደበ ሰው። «ባዶ ሳህን ለጎረቤት ይመለሳል እንዴ ልጄ? ምን ያለኝ ሰው ነኝና። ያገኘሁት ዱቄት ነው፤ በእጄ አሽቼ፣ በእጄ ቆራርጬ...» ድምፃቸው በመሃል ቆመ። በእጄ ያሉትን ራሳቸው የሰሙት አሁን ይመስላል።

«ማን በላው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ልጄ።»

«የነገዋ መንገደኛ?»

«እሷው።»

«ለእሷ ብዬ ነው እኮ የሠራሁት» አሉ። «ለስንቋ። መርከብ ላይ ምን ትበላለች ብዬ።»

ሬዲዮው ከተዘጋ ደቂቃ አልሞላውም፣ የእታፈራሁ ስልክ ጮኸ። ይልቃል ነው። ክሬኑ ላይ ሆኖ በዚያው መስመር ሲያዳምጥ ነበር።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለ። «አሁን እንዳትንቀሳቀሺ። በዚያ መስመር ከእኛ በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም። አንቺ ምን ብለሽ ነው የመዘገብሽው?»

«እርጥበት።»

«በቃ፣ እርጥበት ነው።»

«ይልቃል፣ ሽማግሌው ጉሮሮዬን ከረከረኝ እያሉ ነው።»

«በዚህ ብርድ የማንን ጉሮሮ የማይከረክረው? አንቺ ደግሞ ሳትሞቺ ተዝካርሽን ታወጫለሽ! ልጅቷ ዛሬ ትተኛለች፣ ጠዋት ትሳፈራለች፣ እዚያ ስትደርስ ደህና ናት። አንዲት ጭብጥ ዳቦ ቆሎ!»

«ደህና ባትሆንስ?»

«ባትሆንስ፣ ባትሆንስ... እስቲ አንድ ቀን እንኳን ብትሆንስ በዪ፣ እታፈራሁ!»

ስልኩን ዘጋችው። ነገሩ እውነት ነበረው። ሃያ ዓመት ሙሉ አይመጣም የተባለ ክፉ ስትጠብቅ ኖራለች፤ አብዛኛውም አልመጣም። አንዱ ግን መጥቶ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሁለተኛው ትኩሳት፣ ዓሣ ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ሠራተኛ ሳሉን ደብቆ አንድ ቀን ሥራ ገባ። በዚያ ወር ከፋብሪካው አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ሙላት ሰባተኛው ነበር። የደበቀው ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። እታፈራሁ ግን ፊቱን የማታውቀውን ያን ሰው በየማታው ረግማዋለች። ልቡ ድንጋይ፣ ሆዱ ዱር የሆነ አረመኔ አድርጋ ነበር የምታስበው። አሁን ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ፣ ምናልባት እሱም በማግስቱ የምትሄድ ልጅ ነበረችው ብላ አሰበች። ምናልባት አንድ ወዳጁ ደውሎ «በቃ፣ ብርድ ነው» ብሎታል።

ሶልያና ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣው ከትናንት ጀምሮ በሩ ጥግ ቆሟል።

«ዝም ያልሽበት ምክንያት ገብቶኛል» አለች። «አታድርጊው።»

«ምን አልኩ?»

«ለጤና ቢሮ ልትደውዪ ነው። እማ፣ አንድ ጭብጥ እኮ ነው የበላሁት።»

«ሁለት ነው።»

«ሁለት ይሁን! ጭምብል አደርጋለሁ። ከሰው ጋር አላወራም። ጥግ ይዤ እተኛለሁ።»

«መርከቡ ስንት ሰው ይጭናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ። ትናንት ነግረሽኛል።»

«ሦስት መቶ ሃያ» አለች ሶልያና ወለሉን እያየች።

«የት ነው የሚተኙት?»

መኝታው አንድ አዳራሽ ውስጥ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ፎቶውን አብረው አይተው አልጋ መርጠዋል፣ ከመስኮቱ ሁለተኛውን።

«ልትማሪ የምትሄጂው ምንድን ነው?» አለች እናቷ።

«እሱን አታምጪብኝ።»

«ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«እሱን አታምጪብኝ አልኩ እኮ!» ሶልያና ተነሥታ ክፍሏ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ብትወረውረው ለእታፈራሁ ይቀልላት ነበር።

እታፈራሁ ለሩብ ሰዓት ያህል ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ደከማት። የፍርሃት ድካም አልነበረም፤ ፍርሃቱን ለምዳዋለች። ክፉ ሳይመጣ ሲጠበቅ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ፤ ዱቄት ይገዛል፣ በር ይቆለፋል። ከመጣ በኋላ ግን የቀረው ሥራ ይኸው አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነበር።

ነካችው። ስልኩ ላይ የወጣው የጤና ቢሮ ቅጽ ስሟን፣ ቤቷን፣ ሰዓቱን ጠየቀ። ከዚያ «ከጀልባው ጋር የተደረገው ግንኙነት ምክንያት» አለና ሁለት ምርጫ ሰጣት፦ ሥራ፣ መዝናናት። ሱፍ ፍትፍት መላክ ሥራዋ አይደለም። ሌላ የሚል ምርጫ ፈለገች፤ የለም። ጣቷ ትንሽ ቆየና መዝናናትን ነካ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጤና ቢሮዋ ሴት መጣች። ነጭ ልብስ ከእግር እስከ ራሷ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ተርጓሚ መሣሪያ ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ በከተማው ቋንቋ ስታንሾካሹክ ተርጓሚው በወፍራም የወንድ ድምፅ አማርኛ ይናገራል። ሴትን ከወንድ አይለይም።

«ደህና አመሸህ። እታፈራሁ አንተ ነህ?»

«ነኝ» አለች እታፈራሁ። ማረም ከተወች ቆይታለች።

«ልጅህን ጥራው።»

ሶልያና ወጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ፊቷ ግን ታጥቧል። ለሁለቱም አፍንጫቸው ውስጥ እንጨት ተከቶ ወጣ። ሴትዮዋ ዳቦ ቆሎውን ከነናፕኪኑ ከረጢት ውስጥ ገለበጠችውና አሰረችው። ከዚያ በሩ ላይ ከውጭ በኩል ወረቀት ለጠፈች። እታፈራሁ በተከፈተው በር አንገቷን አውጥታ አነበበችው፦ «ሁለት ሰው። ሃያ አንድ ቀን። የግንኙነቱ ምክንያት፦ መዝናናት።»

«እኛም ተዝናናን በለኛ» አለች ለራሷ።

«አልተረዳሁም» አለ ተርጓሚው።

«ግድ የለም።» ከዚያ ትንሽ አመነታች። «ጀልባው ላይ ያሉት ሽማግሌስ? ወጥ ቤቱ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መዳፏ ላይ የምትይዘውን ነገር አየች። «ሁለት ሰው ታሟል። ሐኪም ነገ ይሄዳል» አለ ወፍራሙ ድምፅ። የማንን ስም እንዳየች አልተናገረም። «አሁን ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ሳህኑን። የጉዞ ካርዱን።»

እታፈራሁ ሳህኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደችና ተመልሳ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ሽሮ፣ ሩዝ፣ ጨው... እጇ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አለች ሶልያና። ከክፍሏ ከወጣች ጀምሮ ለእናቷ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

እታፈራሁ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተችና ምን እየፈለገች እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሳህኑን ለመንግሥት ሰው፣ ለሚቃጠል ከረጢት፣ ባዶውን ላለመስጠት ነበር የምታስሰው።

ሶልያና ቀረብ ብላ ሳህኑን ከእጇ ወሰደችው። ከኪሷ የጉዞ ካርዷን አወጣች፤ ፎቶዋ ያለበትን፣ ስሟ አንድም ሳይሳሳት የተጻፈበትን። ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ክዳኑን ገጠመችና በሁለት እጇ ይዛ ለሴትዮዋ ዘረጋችላት።

«ባዶ ሳህን አይመለስም» አለች።

ተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። ሴትዮዋ ሳህኑን ነቅነቅ አድርጋ ውስጡ የሚንኳኳውን ሰማች፤ ምንም ሳትል ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው።

«በሩን አትክፈት» አለ ተርጓሚው። «ደህና እደር።»

በሩ ተዘጋ። ደጁ ገና ብርሃን ነበር፤ በበሩ ሥር ቀጭን የፀሐይ መስመር ገብቶ እስከ ሻንጣው ደርሷል። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው፣ ቁልፉ ከውጭ በኩል አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ሲዞር ሰሙ። እታፈራሁ እንደ ልማዷ እጇን ወደ እጀታው ዘረጋች፤ ሶልያና እጇን ያዘቻትና አወረደችው።

«ተቆልፏል እማ» አለች። «ዛሬ አትፈትሺው።»